ፈራሁ ማለት ኢማኔ ደከመ ማለት ነው?

የመጣው ደብዳቤ ይሄ ነው፣ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፦

«አሰላሙ ዐለይኩም እህታችን። 26 ዓመቴ ነው፣ 7ተኛ ወሬን ይዣለሁ። ካቻምና የመጀመሪያ ልጄ 8 ወር ሞልቶት ሆዴ ውስጥ እንዳለ አረፈ። አሁን ይሄኛው ወደዛ ወር ሲጠጋ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ብንን እላለሁ፣ ካልተንቀሳቀሰ ልቤ ሊወጣ ይደርሳል። ባለቤቴ ለስራ መተማ ነው ያለው፣ እኔ ማራኪ የተከራየነው ቤት ብቻዬን ነኝ፣ እናቴ አዲስ ዓለም ናት። አማቴ እየመጡ ያዩኛል ግን ፈራሁ ስላቸው 'የምትፈሪው ኢማንሽ ስለደከመ ነው፣ አላህ ያለው አይቀርም፣ ክትትል ክትትል እያልሽ አትንከራተቺ' ይሉኛል። ሰፈር ውስጥ ደሞ ሾተላይ ነው ይባላል። ረመዷን ሊገባ ነው፣ ካልጾምኩ አላህ ይቆጣኝ ይሆን? ጎረቤቴ ክርስቲያን ናት፣ በጣም ነው የምወዳት፣ 'ማርያም ትቅረብሽ' ስትለኝ አሚን ልበል አልበል ግራ ይገባኛል። ቁርኣን ስቀራ ቀለል ይለኛል፣ ከዛ ተመልሶ ይመጣል። ምን ላድርግ?»

ወዐለይኪ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ የኔ እህት። ደብዳቤሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ አንዴ ቀን ስራ መሃል፣ አንዴ ደሞ ከኢሻ በኋላ ቤቱ ጸጥ ሲል። ሁለተኛው ላይ አለቀስኩ። እኔም ሶስት ልጅ የወለድኩ እናት ነኝ፣ እዚሁ ጎንደር አዲስ ዓለም ነው ያደግኩት፣ ያቺን የሌሊት 9 ሰዓት አውቃታለሁ። ውሻው እንኳ ዝም ይላል፣ ሱብሂ ሩቅ ነው፣ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርገሽ «ተንቀሳቀስ እንጂ የኔ ጌታ» ትያለሽ።

መጀመሪያ ስለዛኛው ልጅሽ ልናገር፣ ምክንያቱም አንቺ በአንድ መስመር ብቻ ነው ያለፍሽው፣ ማንም በደንብ እንድታለቅሺለት አልፈቀደልሽም መሰለኝ። «አትቅሺ፣ ሌላ ይሰጥሻል» ነው የሚባለው አይደል፣ ሰው ለደግ ብሎ ነው ግን እናትን ያፍናታል። ነቢያችን ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ልጃቸው ኢብራሂም በህፃንነቱ ሲያርፍ አቅፈውት አነቡ፣ አብዱራህማን ኢብኑ ዐውፍ ገርሞት «እርስዎም?» ብሎ ሲጠይቃቸው ይሄ እዝነት ነው አሉት፣ ዓይን ታነባለች፣ ልብ ታዝናለች፣ እኛ ግን ጌታችን ከሚወደው በቀር አንናገርም አሉ። እንግዲህ የሳቸው ዓይን ካነባ ያንቺ ለምን ይከለከላል? አሁን የሚያስበረግግሽ ፍርሃት ግማሹ ያልተለቀሰ ለቅሶ ይመስለኛል። ስለዚ አልቅሺለት፣ በዱዓሽ አንሺው፣ ስም አውጥተሽለት ከሆነ በስሙ ጥሪው።

ወደ አማትሽ ነገር ልምጣ፣ የደብዳቤሽ እምብርት እሱ ነውና። ፈራሁ ማለት ኢማን ደከመ ማለት ነው ወይ? አይደለም እህቴ፣ በፍፁም። ሱረቱል መርየምን ክፈቺና ከ22ኛው አያ ጀምሪ። መርየም ዐለይሃ ሰላም ብቻዋን ነች፣ ሰው የለም፣ ባል የለም፣ እናት የለችም፣ ምጡ ወደ ተምር ግንድ ወሰዳትና ምን አለች? «ምነው ከዚህ በፊት በሞትኩ፣ ተረስቼም በቀረሁ» አለች። አላህ ከዓለም ሴቶች የመረጣት ሴት ናት ይሄን ያለችው፣ አላህም ቃሏን ሳይደብቅ እስከ ቂያማ ሰው እንዲቀራው በቁርኣኑ አኖረው፣ ኢማንሽ ደከመ አልተባለችም እኮ። ለሷ የመጣላት መልስ «አትዘኚ» የሚል ነው፣ ከዛ ከስርሽ ጅረት አለልሽ፣ የተምሩን ግንድ ወዝውዢው የበሰለ ተምር ይወርድልሻል፣ ብዪ፣ ጠጪ፣ ዓይንሽም ይርጋ ተባለች። እኔ ሁሌ እዚህ ጋ ስደርስ እቆማለሁ። በምጥ የተያዘች ሴት የተምር ግንድ ምን ያህል ልትወዘውዝ ትችላለች? አላህ ተምሩን እንዲሁ ሊያወርድላት ይችል ነበር፣ ግን እጇን ዘርግታ እንድትነካው አዘዛት፣ የቀረውን እሱ ጨረሰው። ውሃ፣ ምግብ፣ አይዞሽ የሚል ቃል፣ ከሷ በኩል ደሞ ትንሽ እጅ መዘርጋት። የነፍሰ ጡር እንክብካቤ ማለት ከዚህ ሌላ ምንድነው?

ለአማትሽ የምትነግሪያቸው ደሞ ሌላ አለ፣ በአክብሮት፣ ቡና ላይ ተቀምጠሽ። የሙሳ እናት ልጇን ወንዝ ላይ እንድትጥለው ስትታዘዝ አላህ ራሱ ቃል ገብቶላታል፣ አትፍሪ፣ አትዘኚ፣ ወዳንቺ እንመልሰዋለን ብሏታል (ሱረቱል ቀሶስ 7)። ያን ቃል ይዛም ልቧ ባዶ ሆነ ይላል ቁርኣኑ ሶስት አያ ዝቅ ብሎ፣ ልታወጣው ጥቂት ቀርቷት ነበር፣ አላህ ልቧን ባያጠነክረው። ከዛ ምን አደረገች? ለእህቱ «ተከታተይው» አለቻት። አየሽ? የአላህን ቃል በእጇ ይዛ ክትትል አላቆመችም። እኛ እንዲህ ያለ ቃል እንኳ አልተገባልንም፣ ታዲያ ክትትል መሄድ እንዴት የኢማን ድክመት ይሆናል? ግመሌን አስሬ በአላህ ልመካ ወይስ ፈትቼ ብሎ ለጠየቃቸው ሰውዬ የነቢያችን መልስ እሰራትና ተመካ ነው፣ ይሄን አማትሽም ያውቁታል። ሰበቡን ማድረስ የኛ ነው፣ ውጤቱ የአላህ። አማትሽ ክፉ ሴት አይመስሉኝም፣ እሳቸው በወለዱበት ዘመን ሐኪም ሩቅ ነበር፣ የነበራቸው መሳሪያ ሶብር (ትዕግስት) ብቻ ነው፣ ያንን ነው የሚያቀብሉሽ። ተቀበያቸው፣ ዱዓቸውንም ጠይቂ፣ ክትትልሽን ግን አትተዪ። ከቻልሽ አንድ ቀን አብረሽ ውሰጃቸው፣ የልጁን የልብ ምት በጆሯቸው ይስሙት።

ሾተላይ የሚሉትን ነገር ደሞ በግምት አትተዪው። ሾተላይ የደም ዓይነት ጉዳይ ነው፣ የእናት ደም ኔጌቲቭ፣ የልጁ ፖዘቲቭ ሲሆን የእናቲቱ ሰውነት የልጁን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ያመርትበታል። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ልጅ አይነካም፣ የሚያሰጋው ከሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ነው፣ ስለዚ ያንቺ የመጀመሪያው በዚህ ምክንያት ነው ያረፈው ማለት ይከብዳል፣ የደም ግፊት ሊሆን ይችላል፣ ስኳር፣ ኢንፌክሽን፣ የእንግዴ ልጁ ችግር፣ አንዳንዴም ምክንያቱ ሳይገኝ ይቀራል። ግን ደምሽ ኔጌቲቭ ከሆነና ያኔ የሾተላይ መከላከያ መርፌው ካልተሰጠሽ ይሄኛውን ሊያሰጋው ስለሚችል በዚህ ሳምንት ካርድሽን ይዘሽ ሂጂና «የደም ዓይነቴ ምንድነው?» ብለሽ ጠይቂ። መርፌ አለው፣ በ28ኛው ሳምንት አካባቢና ከወሊድ በኋላ ባሉት 72 ሰዓታት ውስጥ ነው የሚሰጠው፣ አንቺ ደሞ አሁን እዛው ሳምንት አካባቢ ነሽ። የካቻምናውን ልጅሽንም በግልፅ ንገሪያቸው፣ ካርዱ ላይ ይፃፍ፣ እንዳንቺ ያለ ታሪክ ያላት እናት ጠበቅ ያለ ክትትል ያስፈልጋታል፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሉ ሪፈር ካሉሽም አትደንግጪ። በመንግስት ጤና ጣቢያ ክትትሉም ወሊዱም በነፃ ነው፣ ብር የለኝም ብለሽ እንዳትቀሪ።

አሁን ሌሊቱን እንያዘው። እኔ ሶስተኛዋን ሳረግዝ ግፊት ነበረብኝ፣ የልጇን እንቅስቃሴ ቁጠሪ ተባልኩ፣ ቁጥር ደሞ ይምታታብኛል፣ አራት ነው አምስት እያልኩ ስረበሽ እናቴ ሙስበሃዋን፣ የዚክር መቁጠሪያዋን፣ አውጥታ ሰጠችኝ። ጥቁር ነበረች፣ ከመቆጠር ብዛት የተላላጠች፣ ፍሬዎቹ የእናቴን ጣት የሚመስሉ። ከኢሻ በኋላ በግራ ጎኔ እተኛለሁ፣ ልጅቷ አንዴ በረገጠች ቁጥር አንድ ፍሬ እስባለሁ፣ ሱብሃነላህ እላለሁ። ረገጠች፣ ሱብሃነላህ። ዞረች፣ ሱብሃነላህ። 10 ፍሬ ሲሞላ አልሐምዱሊላህ ብዬ እተኛለሁ። በ2 ሰዓት ውስጥ 10 ነው የሚፈለገው፣ አብዛኛውን ጊዜ በጣም ቀድሞ ይሞላል። ካልሞላ፣ ወይ ደሞ ከለመድሽው ሁኔታ ቀንሶ ከታየሽ፣ ዱዓ እያደረግሽ ወደ ሐኪም ቤት ነው እንጂ ዱዓ እያደረግሽ እስኪነጋ አይደለም። ሙስበሃዋ አሁንም እኔ ጋ ናት፣ ለልጄ ነው የማወርሳት።

ብንን ስትይ ደሞ ወዲያው ስልክ አታንሺ። ተነሺ፣ ከቻልሽ ውዱእ አድርጊ፣ የጎንደር ሌሊት ይቀዘቅዛል ውሃውን ለብ አድርጊው፣ ሁለት ረከዓ ስገጂ፣ ወገብሽ ካልቻለ ተቀምጠሽ ስገጂ። ቆመህ ስገድ፣ ካልቻልክ ተቀምጠህ፣ ካልቻልክ በጎንህ የሚለው ሐዲስ ላንቺም ነው፣ ወንበር ላይ መስገድ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሱጁድ ላይ በአማርኛም ቢሆን ዘርግፊው፣ በጎንደርኛ ለምኚው፣ «ያ ረቢ ፈርቻለሁ» በይው፣ እሱ ከምትናገሪው በፊት ያውቀዋል፣ ሴት ሁሉ የተሸከመችውን አላህ ያውቃል ይላል እኮ ሱረቱ ረዕድ። ከዛ ተኝተሽ ትንፋሽሽን በአፍንጫሽ ሳቢና ስታወጪው ቀስ ብለሽ «ሀስቡነላሁ ወኒዕመል ወኪል» በይ፣ ትንፋሹ ከዚክሩ ጋር አብሮ ይርዘም። ይሄ ነገር ምጥ ላይም ይጠቅምሻል፣ ከአሁኑ ሰውነትሽ ይልመደው፣ በምጥ ሰዓት አዲስ ነገር መማር አይቻልምና። ቁርኣን ስቀራ ይቀለኛል ከዛ ይመለሳል ብለሻል፣ እሱ አያስደንግጥሽ፣ ረሃብም ከምግብ በኋላ ይመለሳል፣ ደግመሽ ትበያለሽ።

ግን አንድ ነገር ልብ በይ። ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ ቀኑን ሙሉ ከከፋሽ፣ ምግብ ከዘጋሽ፣ ሰላቱም ልጁም ምንም ካልመሰለሽ፣ ወይ ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ እሱ ወስዋስ (የሸይጧን ጉትጎታ) ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፣ ህመም ነው፣ ህክምና አለው። ለክትትል ስትሄጂ ለአዋላጅዋ እንቅልፍ አጣሁ፣ ፈራሁ ብለሽ ንገሪያት፣ ስለ እብጠትና ስለ ራስ ምታት እንደምትነግሪያት አድርገሽ። አላህ በሽታን ያለ መድኃኒቱ አላወረደም፣ የሐሳብ በሽታም እዛው ውስጥ ነው።

ረመዷንን በተመለከተ አላህ አይቆጣሽም። ከነፍሰ ጡርና ከምታጠባ እናት ላይ ፆሙን አላህ እንዳነሳላቸው ነቢያችን ነግረውናል፣ የፆሙ አያ ራሱ አላህ ለናንተ ገርን እንጂ ችግርን አይሻም ይላል። የካቻምናው ታሪክሽ እያለ ሐኪምሽ አትፁሚ ካለሽ አትፁሚ፣ በኋላ ቀዷ ታወጫለሽ፣ ማለት ያለፈሽን ቀን ትፆሚያለሽ፣ ፊድያ (ድሃ ማብላት) ይጨመርበት አይጨመርበት ዑለማዎቹ ዘርዘር ያለ ሐሳብ አላቸው፣ ሰፈርሽ ያሉትን ሸኽ ጠይቂ። እኔ ያልፆምኩበት ዓመት ያለቀስኩት ከረሃብ የባሰ ነበር፣ ሁሉም ሲያፈጥር ባዕድ ሆንኩ ብዬ። ከዛ እናቴ ጾመኛ የሚያስፈጥር የጾመኛውን ያህል አጅር አለው አለችኝና ወሩን ሙሉ ሳምቡሳ ጠባሽ እኔ ሆንኩ። አንቺም መግሪብ ሲቃረብ እናትሽ ጋ ሂጂ፣ ተምሩን አንቺ ደርድሪው፣ ሾርባውን አንቺ አማስዪው፣ ተራዊህ ተቀምጠሽ ስገጂ፣ ቀን ግን ውሃሽን ጠጪ። የተሰጠሽን የአይረን ኪኒን ደሞ ከቡና ጋር አትውሰጂው፣ ቡናው ይሽረዋል፣ ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት አራርቂው።

ስለ ጎረቤትሽ የጠየቅሽኝን ወደድኩት፣ ጎንደር ውስጥ የማይጠይቀው የለምና። ጎረቤትሽ «ማርያም ትቅረብሽ» ስትል ያላትን ትልቁን ነገር ነው የምታወጣልሽ። እኛ የምንለምነው አላህን ብቻ ነው፣ ስለዚ «አላህ ይስማሽ የኔ እህት» በያት፣ ልቧም አይሰበር፣ ያንቺም ዐቂዳ (እምነት) አይነካ። ከፈለግሽ ደሞ በቁርኣናችን በስሟ የተጠራች ሴት መርየም ብቻ እንደሆነች፣ በስሟ ሙሉ ሱራ እንዳለና ሱራው ውስጥ ምጧ እንደተተረከ ንገሪያት፣ እኔ ለጎረቤቴ የነገርኳት ቀን የጀበናውን ሁለተኛ ረስታ ቁጭ ብላ ነው የሰማችኝ። ድሮ እስላም ቤት ይባል የነበረው አዲስ ዓለማችን በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሙ ለብቻው ይኑር ተብሎ የተለየ ሰፈር ነው፣ ዛሬ ግን ሌሊት ምጥ ቢመጣብሽ በሩን መጀመሪያ የምትከፍትልሽ ያቺ ማራኪ ያለችው ክርስቲያን ጎረቤትሽ ናት።

እሷን ያነሳሁት ለሌላም ነው። ብቻሽን አትደሪ። ባለቤትሽ ከመተማ መምጣት ካልቻለ 8ተኛው ወር ሳይገባ ሻንጣሽን ይዘሽ አዲስ ዓለም እናትሽ ጋ ግቢ፣ አማትሽንም አስፈቅጂ፣ የእናት ቤት መውለድ የቆየ ባህላችን ነው ማንም አይቀየምሽም። መንገዱና ፀጥታው እንደምታውቂው ነው፣ ማታ ባጃጅ ስለማይገኝ አንድ የምታውቁትን ባለመኪና ወይ ባለባጃጅ ከአሁኑ አነጋግሩ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው ስልክሽ ላይ መዝግቢው። ደም ካየሽ፣ ውሃ ከፈሰሰሽ፣ ራስሽን ፍልጥ አድርጎ ካመመሽ፣ ዓይንሽ ከደበዘዘ፣ ፊትሽና እጅሽ ድንገት ካበጠ፣ ትኩሳት ከያዘሽ፣ ካንቀጠቀጠሽ፣ ልጁ ዝም ካለ፣ ሱብሂ ይድረስ ብለሽ አትጠብቂ። የሀበሻ መድኃኒት አፍልተው ሲያመጡልሽም አመስግነሽ አስቀምጪው፣ አትጠጪው።

መውለጃ ክፍል ውስጥ ደሞ የምትፈልጊውን ከመናገር አትፈሪ። እኔ ሁለተኛውን ስወልድ አንዷ «አላህ አላህ አትበይ፣ ዝም ብለሽ ግፊ» ብላ ጮኸችብኝ፣ እስከዛሬ ይሰማኛል። ሶስተኛዋ ላይ ግን ቀድሜ ተናገርኩ፣ ሻሼን አታውልቁብኝ፣ ከተገኘች ሴት ትርዳኝ፣ እህቴ አጠገቤ ትሁን፣ አንድ ጆሮዬ ላይ ቁርኣን ልስማ አልኩ፣ አዋላጅዋ ክርስቲያን ነበረች፣ ማዳመጫው ሲወድቅ ራሷ እያነሳች ጆሮዬ ላይ ታደርግልኝ ነበር። ሴት ሐኪም ካልተገኘ ወንዱም ይርዳሽ፣ ይሄ ዶሩራ (የግድ የሆነ ችግር) ነው፣ በዚህ ሰበብ ቤት እንዳትቀሪ።

ስትወልጂ ኒፋስ ላይ፣ የወሊድ ደም እስኪቆም ማለት ነው፣ ሰላት ይቆማልና ብዙ እናቶች ያኔ ነው ባዶ የሚሆኑት፣ ያ የሚደገፉበት ነገር ድንገት ሲነሳ። ዚክርና ዱዓ ግን አይቆምም፣ እያጠባሽ ሙስበሃሽን ያዢ፣ ማታ ማታ እናትሽ ሱረቱል መርየምን ትቅራልሽ አንቺ ስሚ።

በቃ ከነገ ጀምሮ የደም ዓይነትሽን ጠይቂና ውጤቱን ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ። እኔም ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስነሳ «ያቺ የማራኪዋን እህቴን» ብዬ አነሳሻለሁ። አላህ በሽልም ያውጣሽ፣ የምትስሚው ያድርገው።